መረብ የነካች ኳስ

ተናኘወርቅ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የክር ፋብሪካ ቡድን መረብ ኳስ ትጫወት ነበር። ዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ታራዴል ሰፈር ውስጥ ትኖራለች፣ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን፣ የጠዋት ሺፍት ትሠራለች። ልጇ ሄቨን ኮሌጅ ገብታ ለሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን መሰለፍ ስትጀምር፣ እናትየው ጨዋታ እንዳያመልጣት ብላ ሺፍት መቀያየር ያዘች።

የመጀመሪያው ቀን ግን አላማረም። ተጋጣሚዎቹ ጨዋታ ለማስጀመር ሰርቭ ሲያደርጉ ኳሷ የመረቡን ጫፍ ነክታ ወደ ሄቨኖች ሜዳ ጠብ አለች። ተናኘወርቅ ብድግ ብላ ፋውል ነው አለች፤ ዳኛዋ ለተጋጣሚ ነጥብ ሰጠች። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ተጫዋች ኳስ በእግሯ ብታወጣም ጨዋታው ቀጠለ። ከሁሉ የገረማት ደግሞ ለብቻዋ ሌላ ቀለም ማሊያ የለበሰች ልጅ እንዳሻት እየገባች መውጣቷ ነው። ስድስት ጊዜ ከቆጠረች በኋላ ነጥብ መዝጋቢዎቹ ጋ ወርዳ ስንት ቅያሪ ነው የሚፈቀደው ብላ ጠየቀች። በትህትና ወደ ወንበሯ መለሷት። ሄቨን ይህን ሁሉ ከሜዳ ሆና አየች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፋልከንሪጅ የሚባለው ሰፈር ሲደርሱ ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። ከዚያ፣ «ማሚ፣ ሩሉን ሳታውቂ አትጩሂ፣ ፕሊስ። ላይክ፣ ሰው ሁሉ ያየናል» አለቻት።

«እኔ ነኝ የማላውቀው?» አለች ተናኘወርቅ። ነገሩ ውስጧ ገባ። ቋንቋውንም፣ መንገዱንም፣ ሥራውንም እዚህ አገር ከሰው ጠይቃ ነው የተማረችው። አውቃው የመጣችው መረብ ኳስን ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ጨዋታ ከሰው ርቃ ላይኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እዚያ ለራሷ ስታጉተመትም የሰማ አንድ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው በአማርኛ ሰላም አላት። አቡበከር ይባላል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ መረብ ኳስ ይዳኛል፣ ያን ቀን ግን ተራው አልነበረም። የከነከናትን ነገረችው። እሱም መቼ እንደተጫወተች ጠየቃትና ስትነግረው ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ያኔ ቢሆን ትክክል ነበሩ» አላት። «ሕጉ ነው የተቀየረው።»

መረብ ነክቶ የሚያልፍ ሰርቭ ዛሬ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ኳስ በእግርም መመለስ እንደሚቻል ነገራት። ሌላ ቀለም የለበሰችው ልጅ ሊቤሮ ትባላለች፤ የኋላውን ብቻ ትከላከላለች፣ መግባት መውጣቷ ከቅያሪ አይቆጠርም፣ ማሊያዋ የተለየውም ዳኛ እንዲለያት ነው። ከመረቡ ሥር ያለውን መስመር መርገጥ ደግሞ እግር ሙሉ በሙሉ ካላለፈ ጥፋት አይደለም፤ በዚህ ብዙ ተመልካች እንደሚሳሳት ሲነግራት ትንሽ ቀለል አላት። ሲለያዩ የመስመር ዳኞች እጥረት እንዳለና አጭር ኮርስ እንደሚሰጥ አነሳላት።

ተናኘወርቅ ለማንም ሳትናገር ተመዘገበች። ምሳ ሰዓት ላይ ሕጉን ከስልኳ እያነበበች፣ ያልገባትን አቡበከርን እየጠየቀች ከረመች። ፈተናውን መጀመሪያ ወደቀች፤ በሁለተኛው አለፈች። ለሄቨን ስትነግራት ልጅቷ የእኔን ጌም ግን አይሰጡሽም አይደል አለቻት። አይሰጡኝም አለች እናቷ።

በየካቲት በረዶ መንገድ ዘጋ። ኮሌጁ ለወዳጅነት ጨዋታ ተሰናድቶ ሳለ የተመደበው መስመር ዳኛ መድረስ አቃተው። ዋና ዳኛው አቡበከር ነበር፤ ሄቨን ልጇ እንደሆነች ለሁለቱም አሠልጣኞች ነግሮ ሲስማሙ፣ ለማየት የመጣችውን ተናኘወርቅን የመስመር ዳኛ ባንዲራ አስያዛት።

በአራተኛው ዙር፣ ሁለት ዙር አስቀድመው ያሸነፉት ተጋጣሚዎች ሃያ አራት ለሃያ ሦስት እየመሩ አንዷ ኳሱን በኃይል መታችው። ሄቨን ልትከላከል ዘለለች። ኳሱ በሄቨኖች በኩል ካለው የኋላ መስመር አልፎ ወደቀ፤ የሄቨን ጓደኞች እኩል ሆንን ብለው ተቃቀፉ። አቡበከር ወደ ተናኘወርቅ ተመለከተ። እሷ ባንዲራዋን ወደ ላይ አቁማ በሌላው መዳፏ ጫፉን ነካች፤ የተከላካይ እጅ ነክቶ ነው የወጣው ማለት ነው። ነጥቡም ጨዋታውም ለተጋጣሚ ሆነ።

ከተመልካቹ ማጉረምረም ተሰማ። የሄቨን አሠልጣኝ ወደ ዳኛው ልትሄድ ስትነሳ ሄቨን ክንዷን ያዘቻትና ኳሱ የራሷን እጅ እንደነካ ነገረቻት። አሠልጣኟ ተመልሳ ተቀመጠች። ተናኘወርቅ ባንዲራዋን ጠቀለለች።

መኪናው ውስጥ ሄቨን፣ «ማሚ፣ በጣም ትንሽ ነበር የነካኝ። እንዴት አየሽው?» አለቻት።

«ጣትሽ ወደ ኋላ ሲታጠፍ።»

ሄቨን ጣቷን እያየች እናቷ በእሷ ዕድሜ ሳለች መረብ ላይ ዘልላ ብሎክ ስታደርግ እጇን እንዴት ትይዝ እንደነበር ጠየቀች። ይህን ጠይቃት አታውቅም። ተናኘወርቅ ቤታቸው በር ላይ ፓርክ አድርጋ ወረደች፤ በረዶው ላይ ቆማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ጣቶቿንም በትና ወደ ፊት ትንሽ አዘነበለቻቸው። ሄቨን ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ከጎኗ ቆመችና እንደ እሷ አደረገች።