ሲሪል የሞተበት ፊልም

ሲሪል ቦውደን ዕድሜውን ሙሉ በቴምዝ ወንዝ ዳር ጀልባ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በስልሳ ሁለት ዓመቱ በባህር ወንበዴ እጅ ሞተ። የሞተው ግን በፊልም ነው።

ያን ጊዜ ከመንደሩ ማዶ ባለው አሮጌ ቤት የወንበዴና የመናፍስት ፊልም ይሠሩ ነበር። ሬሳ ሲያስፈልጋቸው የመንደሩን ሰው ይጠራሉ። የሬሳ ሥራ ከሌላው ሥራ ይሻላል፤ ተጋድሞ ይከፈላል፣ ምሳም አለው።

ሲሪል ረግረጉ ዳር በጀርባው ተንጋለለ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሳለ፣ የተቆረጠ እጅ ተብሎ ከጎማ የተሠራ ነገር ሆዱ ላይ ዱብ ሲል ሳቁ አመለጠው። ደገሙት፤ ደግሞ ሳቀ።

"ይሄን ሬሳ በሆዱ ገልብጡልኝ!" ብሎ አዘጋጁ ጮኸ። የሲሪል ፊት ጭቃ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ሥራው አለቀ።

መጠጥ ቤት ገብቶ ግን፣ "ፊቴ የሲኒማውን መጋረጃ ሞልቶት ታያላችሁ!" አለ። ወሬው ሚስቱ ኦሊቭ ዘንድ ደረሰ። ኦሊቭም ለእህቶቿ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለሥጋ ሻጩ ለፐርሲም ሳይቀር አዳረሰችው።

ፊልሙ የመጣ ቅዳሜ ኮፍያዋን ደፍታ በሩ ላይ ቆመች።

"ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል" አለ ሲሪል።

"የምናየው ጉልበትህን ነው እንዴ? ተነስ!"

ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሏል። ከኋላቸው የተቀመጠው ፐርሲ፣ "ፊትህን ካላየሁ እስከ ዕለተ ሞትህ ቀጣፊው ሲሪል ነው የምልህ" አለው።

ወንበዴዎቹ ከጭጋጉ ወጡ። ጎራዴ ተመዘዘ፣ ሴቶች ጮኹ፣ ሬሳው ተረፈረፈ።

"አንተ፣ የታለህ?" አለች ኦሊቭ።

ሲሪል ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። የፐርሲን ስድብ ይችለዋል፤ እሷን በእህቶቿ ፊት ማሳፈሩ ነው ያንገበገበው።

ያን ጊዜ በሆዳቸው የተደፉት ሬሳዎች እግር በመጋረጃው ላይ በተራ አለፈ። የአንዱ ቦት ጫማ ወልቆ ግራጫ የሱፍ ካልሲው ወጥቷል፤ ተረከዙ በቀይ ክር ተጥፏል።

ኦሊቭ ብድግ አለች። "እኔ የጣፍኩት ካልሲ ነው! ባሌ ነው! ባሌ ሞቷል!"

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

"እንዲያውም ከፊትህ እግርህ ያምራል" አለ ፐርሲ፣ የሲሪልን ትከሻ እየደበደበ።

"ኦሊ፣ ፊቴ እኮ ጭቃው ውስጥ..." ብሎ ሲሪል ሊናዘዝ ጀመረ።

"ተወው፤ ፊትህንማ በየቀኑ አየዋለሁ።" ኦሊቭ ሳቋ ያመጣውን እንባ ጠረገች። "ሌላ ጊዜ ልትሞት ስትሄድ ግን አስቀድመህ ንገረኝ፤ ደህና ካልሲ አለህ እኮ!"