ጋሻውን በውጅግራ

አባቴ ገና ጢም ሳያወጣ ለአንድ መኰንን አድሮ፣ ጋሻና ጦር እንደያዘ አረጀ። ጋሻው የጎሽ ቆዳ ነበር። እንዳይሰነጠቅ ቅቤ የሚቀባው እሱ ራሱ ነው፤ እናቴ እንኳ አትነካውም።

እኔ ያኔ አራዳ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ አቡጀዲ እየለካሁ እሸጥ ነበር። ትናንት አህያ ሲነዳ ያየሁት ሁሉ ዝናር ታጥቆ የሚንጎራደድበት ጊዜ ነው። መኰንኑም በደመራ ሰልፍ ጠመንጃ ያለውን ከፊት፣ ጋሻ የያዘውን ከስንቅ ተሸካሚ ጋር ከኋላ ማቆም ጀመሩ። አባቴ የዚያን ዕለት ራቱን ሳይበላ ተኛ። እኔም ተቆጨሁለት። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ አፈርኩበት።

ከሱቃችን ጨርቅ የሚገዛ አንድ ፈረንጅ ጋሻ ይሰበስብ ነበር። በአሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ሊለውጠን ተስማማ።

«ጠመንጃ ከያዙ እኮ ማንም ከኋላ አያቆምዎትም» አልኩት አባቴን።

«ፈረንጁ በጋሻዬ ሊዘምት ነው?» አለኝ።

«ኧረ አይደለም። ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው።»

«ግድግዳ ላይ» አለ። ጋሻውን ራሱ አውርዶ ሰጠኝ።

በዓመቱ ደመራ የሱቅ ጓደኞቼን ሰብስቤ ጊዮርጊስ ደጅ ቆምኩ፤ አባቴን ከፊት ላሳያቸው። እውነትም ከፊተኛው ረድፍ ነበር። ውጅግራው በቀኝ ትከሻው ላይ ነው። ግራ ክንዱን ግን ከክርኑ አጥፎ ደረቱ ፊት ይዞታል፤ ባዶውን። ዕድሜ ልኩን ጋሻ የያዘ ክንድ ሌላ ቦታ አያውቅም። የሌለውን ጋሻ ቀና እያደረገ ይራመዳል።

«እኚህ ሽማግሌ የማንን ሕፃን ታቅፈው ነው?» አለ አንዱ የአራዳ ልጅ። ሳቁ ተያያዘ።

ጓደኞቼ ወደ እኔ ዞረው «አባትህ የትኛው ናቸው?» አሉኝ።

«ገና አላለፉም» አልኩና እኔም ሳቅሁ።

አባቴ ከዚያ ሁሉ ሰው የእኔን ሳቅ ለየው። ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ክንዱን ቀስ ብሎ አወረደና፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ቸግሮት፣ ኩታው ስር ደበቀው።

በሚቀጥለው ዓመት ወገቤን አመመኝ ብሎ ከሰልፉ ቀረ። ከዚያም ወዲያ አልሄደም። ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር ሁልጊዜ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ይቅር ይበሉኝ ሳልለው ሞተ።