ከየቡው ሐጂ ፊት የወጣው ስርዝ

ለልጄ ሚስት ልጠይቅ ሽማግሌዎች ይዤ ከጅማ ወደ የቡ ሄድኩ። የልጅቷ አባት ሐጂ ጆሯቸው ስለሚከብድ ቃሌን ስልኬ ላይ ጽፌ ነበር። ቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር ደብዳቤ የሚጻፍበትን፣ ማንም በነፃ የሚያወርደውን መጻፊያ የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ ጭናልኝ ነበር። መጀመሪያ «ልጄ ጨዋ ነው፤ እንቅልፍ ግን ይወዳል» ብዬ ጻፍኩ። ኋላ ፈራሁና የእንቅልፉን ነገር አጠፋሁት። ደጋግሜ አየሁ፤ የለም።

እዚያው ተቀምጬ ወደ ሐጂ ስልክ ላክሁት። አነበቡት።

«ይሄ በቀይ የተሰረዘው ምንድን ነው?» ብለው ስልኩን አዞሩልኝ።

ለካ መጻፊያው የተሰረዘውን ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ኖሯል! ከእኔ ደብቆ ለእሳቸው አወጣው። 

«ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ...»

ወደ ጓዳ ገልመጥ አሉና ጠጋ አሉኝ።

«ወላሂ ወንድሜ፣ የእኔዋንም ልጅ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ጠፍቷል። እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት ጨንቆኝ ነበር።»