ከሙቀጫ የተቆረጠው እንጨት

ዛሬም ትኩስ ቤንዚን ሲሸተኝ በርበሬ አብሮ ይሸተኛል። ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ሌላው ሰው በመኪኖቹ መሀል ወሬውን እያወራ ያልፋል፣ እኔ ግን ቆም ብዬ እጄ የሚይዘው ነገር እፈልጋለሁ።

የምንኖረው መርሳ ከተማ ነበር፤ አባቴም ጤፍና ማሽላ ጭኖ ደሴ የሚያመላልስባት አንዲት ያረጀች የቤንዚን መኪና ነበረችው። በበጋ የግራና ቆላ ሲግል የሞተሩ ሙቀት ቤንዚንና አየር ወደሚያቀላቅለው ካርቡራቶር እየወጣ ቤንዚኑን ያፈላውና፣ መኪናዋ ከውርጌሳ በላይ ያለው ዳገት ላይ እየተንተፋተፈች ትጠፋ ነበር። ፍሬኗም ሞተሩ ሲጠፋ ይደክማል። ስለዚህ ጋቢና ውስጥ፣ ከእግራችን ሥር፣ ከጎማ ኋላ የሚወሸቅ ትልቅ ድንጋይ አይጠፋም ነበር።

አንድ ክረምት፣ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ወፍራም ማራራቂያ ቢገባ ሙቀቱ እንደማይደርስ ለአባቴ አንድ ሾፌር ነገረው። የሚገዛ አጣ። ተሰንጥቆ ጓሮ የተጣለ የእናቴ የበርበሬ ሙቀጫ ነበርና፣ ዝናብ ሲመታው ከከረመው እንጨት ላይ ቆርጦ፣ በጋለ ብረት እየበሳ፣ ልኩን አወጣለት። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ሙሀመድ፣ ዘነዘናውንስ የት ልትጨምረው ነው?» አለው። እናቴ አልሳቀችም። «የሰዒድ አባት፣ ይኼ ነገር ልጆቼን ይዞ ዳገት ሊወጣ ነው?» አለች፣ በሕፃኑ ወንድሜ ስም እየጠራችው።

«ኢንሻ አላህ፣ እየሮጠ ይወጣል» አላት።

እውነትም ወጣ። መስከረምና ጥቅምት መኪናዋ አንድም ቦታ ሳትቆም ትወጣ ነበር፤ ሞተሩ ሲሞቅ የበርበሬው ሽታ እየገባ ያስነጥሰናል፣ አባቴም «ቀመሰች!» እያለ ይስቃል።

በጋው ጠንክሮ ዓረፋ ሲደርስ፣ ወደ አጎቴ ቤት ደሴ ልንሄድ ተነሣን። ድንጋዩን ከጎማ ኋላ የሚያስገባው ረዳቱ ለበዓሉ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ረጥቦ የተቆረጠው እንጨት በደረቁ ነፋስ ተሰንጥቆ አየር ያስገባ እንደነበር ኋላ ነው ያወቅነው። መኪናዋ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። እናቴ ሰዒድን ጭኔ ላይ ጥላ ድንጋዩን አንሥታ ወረደች። አባቴ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ መሪውን ወደ ተራራው ይጠመዝዛል፣ ከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል። እኔ እናቴ ከጎማው ኋላ መሆኗን ብቻ ነበር የማስበው። ሰዒድን አጥብቄ ይዤው ኖሮ ማልቀስ ጀመረ።

ድንጋዩ ከጎማው ሥር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ መኪናዋም ቆመች።

አባቴ ወርዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ስንጥቁን አየው። እናቴ ለአጎቴ ሚስት ከያዘችው ስጦታ ሳሙና አውጥታ ሰጠችው፤ እሱም በውሃ አሽቶ ስንጥቁን ደፈነበት፣ ሞተሩም ተነሣ።

«ግቢ» አላት።

«ሂዱ። እኔ ከኋላ ነኝ።»

ድንጋዩን ታቅፋ፣ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ ድረስ ከመኪናዋ ኋላ በእግሯ ወጣች። አባቴ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር፤ ላብ አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ በስፖኪዮው ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም፤ መታጠፊያ በጋረዳት ቁጥር ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር።

አሁን ሁለቱም የሉም። የሰዒድ ልጅ እያወራ፣ በአንድ እጁ እየነዳ ያንኑ ዳገት ያወጣኛል፤ መኪናውም ጥሩ ነው፣ አይጠፋም። እኔ ግን ውርጌሳን ስናልፍ ዓይኔ ወደ ስፖኪዮው ይሄዳል።

«አክስቴ፣ የሚከተለን ሰው አለ እንዴ?» አለኝ ባለፈው።

«የለም» አልኩት።

ፍርሃቴም እሱው ነው።