ዘቢብ ነው ያልኩት ወይን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እንዴት ልናገር? ያንን የወይን ጠጅ ጠጥተው፣ ጢማቸውን እየጠረጉ የመረቁኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ።

በጃንሆይ ዘመን ከከተማችን በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ስንኖር፣ አው ኡመር የሚባሉ የሶፊ መንደር ገበሬ ወይን በአህያ ጭነው ይመጡ ነበር። ፍሬው ደቃቃ፣ ቆዳው ስስ፣ መልኩ ቡናማ ነው። ስም እንኳ የለውም፤ ከእሳቸው ማሳ በቀር የትም አላየሁትም። ሰው በማነሱ ይንቀዋል። እኔ ግን ገና ስቀምሰው ምን እንደሚሆን አወቅሁ።

እሳቸውም መጀመሪያውኑ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ለመጠጥ ከሆነ አልሸጥልሽም። ሀራም ነው።»

«ለዘቢብ ነው፣ አባቴ» አልኩ።

ዋሸሁ። ፍሬውን ሰሌን ላይ ስለማሰጣው ግማሹ እውነት ነው እያልኩ ራሴንም ዋሸሁ። ጨምደድ ሲል እጨምቀዋለሁ፣ እንስራ ውስጥ አፍልቼ አሽገዋለሁ፤ ከወራት በኋላ እንደ ማር የሚጣፍጥ ጠጅ ይወጣል። እሳቸው ለዘቢቡ ብለው ዘለላውን ግንዱ ላይ አቆይተው፣ ስኳሩ ሲበዛ ቆርጠው ያመጡልኝ ጀመር። «ጥላ ውስጥ አገላብጪው፣ ፀሐይ ያከስለዋል» ብለው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የማይነኩትን መጠጥ በገዛ እጃቸው አሠራኋቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ።

እኔ ደግሞ ማን ነበርኩ? ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ ካገኘሁ ሕዝብ ፊት አንገቱን የማንቅ ሴት።

ልጄን ስድር ጠራኋቸው። በግ በእስላም አሳርጄ፣ ድስቱንም ሳህኑንም ለይቼ አቀረብኩላቸው። ያን ያህል ተጠነቀቅሁ፤ አያናድድም? ሁለት ጊዜ እንደጎረሱ የባሌ ወንድም ብርጭቆውን ወደ እሳቸው አነሳ።

«በአው ኡመር ጤና» አለ እየሳቀ። «ወይኑ የእሳቸው፣ ስካሩ የእኛ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከሳህኑ ሰበሰቡ።

«ዘቢብ አላልሽኝም?»

ብርጭቆዬን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«ለምግቡ ድስት ለይተሽልኛል» አሉ። «ወይኔን ስትወስጂ ነው እስላምነቴ የጠፋሽ?»

ታጥበው ወጡ።

በሳምንቱ ሶፊ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ? አይደለም፤ ወይን ልለምን። ግንዱን በሙሉ ነቅለው ማሳው ዳር ከምረውታል። ሰላምታዬን መለሱ፣ ተቀመጪ አሉኝ፣ ውሃ ሰጡኝ። ስለ ወይኑ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ጠጥቼ ተመለስኩ። ከሞቱ ቆዩ።

አሁን የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የዚያን ጣፋጭ ጠጅሽን አሠራር አሳዪን» ይሉኛል። በምን ላሳያቸው? ፍሬውን ከምድር ያጠፋው ድርቅ አይደለም፣ አንበጣ አይደለም። እኔ ነኝ። ሽማግሌው አበዙት የሚል ካለ ከቤቴ ይውጣ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ ፊታቸው ተቀምጬ፣ ውሃቸውን ጨልጬ፣ ዝም አልኳቸው።