ጋሼ ወልደየስ ግቢ ጠረጉ

ጋሼ ወልደየስ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሲጮሁ የኖሩት በሁለት ነገር ነው፤ በሚያረፍድ ተማሪና በቆሸሸ ግቢ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ወዲህ ግን የሚጮሁበት ነገር ጠፋ። ልጃቸው ተናኘወርቅ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ድርብ ሺፍት ትሠራለች። ባሏ ማኑ ድፍድፍ ነዳጅ ወደሚወጣበት ወደ ሰሜን ሄዶ የጭነት መኪና ይነዳል። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ የነካበት ጊዜ ስለነበር ሠራተኛ በመብራት ይፈለጋል፤ ዶቨር በሚባለው ሰፈራቸው ውስጥ ሥራ ፈት ቢፈለግ ከእሳቸው በቀር የሚገኝ አይመስልም።

"ምን ልሥራ?" ባሉ ቁጥር ልጃቸው "አርፈው ይቀመጡ አባዬ፣ ብዙ ደክመዋል" ትላቸዋለች። ከፍቅር ነው፤ ግን ሰው እጁን አጣጥፎ እስከ መቼ ይቀመጣል? እንደ ሳሎን ዕቃ ተቆጠርኩ ብለው ከፋቸው። ለማኑ ደውለው "አገሬ እገባለሁ፣ ትኬት ቁረጥልኝ። ለእሷ እኔው እነግራታለሁ" አሉት። አልነገሯትም።

በጥቅምት መግቢያ ተናኘወርቅ ጓሮ ነጭ ሽንኩርት ተከለች። እዚያ አገር ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ በረዶ ሥር ከርሞ በረዶው ሲቀልጥ ይበቅላል። ከየጎረቤቱ የለመነችውን ደረቅ ቅጠል በላዩ ላይ ወፍራም አድርጋ አለበሰችው። ይህ ሁሉ ሲሆን አባቷ ከሰዓት በኋላ አሸልበው ነበር፤ ያስረዳቸው የለም።

ዓርብ ዕለት በመስኮት አዩት። በማግስቱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጸሎት ይመጣሉ፣ ጓሮው ግን በቅጠል ተሸፍኗል! እንግዳ የሚጠብቅ ቤት እንዲህ ይሆናል? እጅጌያቸውን ሰብስበው መጥረጊያ ይዘው ወጡ። አፈሩ ጥቁር ብሎ እስኪታይ ጠረጉ፣ ቅጠሉን በከረጢት ሞልተው ከቤቱ ኋላ ወዳለው መንገድ አወጡት፣ የቆሻሻ መኪናው ወሰደው። ወገባቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ካልጋሪን ከረገጡ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ተናኘወርቅ ከሥራ መጥታ ጓሮውን ስታይ ጮኸች።

"አባዬ! ምን አደረጉ? ሆን ብዬ እኮ ነው ከቨር ያደረግኩት! ጥር ላይ ሞቃት ነፋስ ይመጣና ስኖውን ያቀልጠዋል። ሽንኩርቱ ስፕሪንግ የገባ መስሎት ሲነቃ ብርዱ ተመልሶ ይመታዋል። ምናለ ቢጠይቁኝ?"

"ስጠይቅሽ ይቀመጡ አይደል የምትዪኝ?" አሉ። "መቀመጥ መረረኝ ልጄ። ማኑን ትኬት ቁረጥልኝ ብዬዋለሁ።"

ተናኘወርቅ ክው አለች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ "እኔ እኮ ላሳርፍዎ ብዬ..." አለችና ዕንባዋ ቀደማት። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። አፍንጫዋን ጠርጋ ታዛቸው ጀመር።

"ነገ ጠዋት ሺፍት አለኝ፤ ስኖው ደግሞ ነገ ማታ ይገባል ብለዋል። ቅጠሉን የጣሉት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ያመጡታል። የቲማቲሙን ግንድ ይንቀሉልኝ። የአትክልት ማጠጫውን ሆዝም ውሃውን አፍስሰው ጋራዥ ያስገቡልኝ፣ ውስጡ በረዶ ከሠራ ይፈነዳል።"

"እሺ" አሉ ዩኒት ሊደሩ፣ እንደ አረፈደ ተማሪ ዓይናቸውን ሰብረው። ሆዳቸው ግን ቅቤ ጠጣ።

በነጋታው ጎረቤት ያለችውን ፈረንጅ አሮጊት ቅጠልሽን ልውሰድልሽ ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ጆሮዋን ማመን አቅቷት የቅጠል መሰብሰቢያዋን ጭምር አቀበለቻቸው። የጸሎቱ እንግዶች ሲመጡ ጋሼ ወልደየስ ጓሮ ተንበርክከው መደቡን እያለበሱ ነበር፤ ሰላምታውን ከዚያው ሆነው መለሱ።

ማኑ ደወለ። "ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ወር ቦታ ተገኝቷል። ልያዘው?"

"ይሄ ሽንኩርት መቼ ነው የሚነቀለው?"

"ኦገስት መሰለኝ። ምነው?"

"እንግዲያው ተወው። እሷ እንደሆነች ሥራ ላይ ናት፤ ማን ሊያየው ነው?" አሉና ስልኩን ዘግተው ሆዙን ሊጠቀልሉ ሄዱ።