ጎህ ሲቀድ የሚንኳኳ በር

አይዞሽ ማለት ሥራዬ ነው። ከሰቆጣ ወዲያ ባለው ፃግብጂ ውስጥ በአንዲት የገጠር ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ መርፌ ለሚፈራውም ምጥ ለምትፈራዋም ከአፌ የማይጠፋው ቃል ይኸው ነው። ራሴ ግን በር ሲንኳኳ የምሸሸግ ፈሪ ነበርኩ።

ፍርሃቱ የገባብኝ ታናሽ ወንድሜ ባሕር ተሻግሮ አረብ አገር ለመግባት ከወጣ በኋላ ነው። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። በእኛ አገር ደግሞ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፣ ቀስ ብለው ያንኳኳሉ፣ ለምን እንደመጡ ከበር ውጭ አይናገሩም። ስለዚህ በማለዳ የዶሮ ኮቴ እንኳ ያስደነግጠኝ ጀመር። በሩን ካልከፈትኩ ወንድሜ አይሞትም፤ የተማርኩት ሁሉ ገደል ገብቶ ይህን አመንኩ።

አንድ ቀን ማለዳ መብራቴን አብርቼ እሳት ላያይዝ ስል በሩ ተንኳኳ። በስንጥቁ አጮልቄ አየሁ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸው እስከ አፍንጫቸው።

«ልጄ፣ እስቲ ክፈቺልን» አሉ አንደኛው በለሆሳስ።

መብራቱን አጠፋሁ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አልጋው ሥር ተኮራመትኩ። ሁለት ጊዜ ደግመው አንኳኩና ሄዱ። እፎይ አልኩ! ያን እፎይታ ሳስታውስ ዛሬም ራሴን እጠላለሁ።

ለካ በር ላይ የማይነገረው መርዶ ብቻ አይደለም። ምጥም አይነገርም፤ ሰው ከሰማ ይጠናባታል ይባላል። ከአጥሩ በታች ጎረምሶች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ቆመው ኖሯል። ራቅ ብሎ ያለው ጤና ጣቢያ ድረስ ያለ እኔ ይዘዋት ሄዱ። እሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን ሳይተነፍስ ተወለደ። ብከፍት ይተርፍ ነበር? አላውቅም። አለማወቄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ክፈቺልን ያሉት ሽማግሌ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ያን ለት ሰቆጣ ሄደሽ ኖሯል» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ» አልኩ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔ ዘንድ የደረሰው ግን ጭራሽ ያልፈራሁት ነበር። የሥራ መልቀቂያ ጻፍኩ፤ ጻፍኩና ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

በዓመቱ ያቺው ሴት እርጉዝ ሆና ጤና ኬላው መጣች። መዝግቤያት ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች።

«ምጡ ሲመጣብኝ ትኖሪያለሽ?» አለችኝ።

«እኖራለሁ» አልኩ፤ ቤቴ ገብቼ መልቀቂያውን ቀደድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ እየተነሣሁ፣ ማንም ሳያንኳኳ፣ በሩን እየከፈትኩ መልሼ መዝጋት ያዝኩ። ያየኝ ሰው ቢኖር ለየላት ይል ነበር። ክንዴን እያለማመድኩ ነበር፤ ልቤስ እንቢ አለኝ።

በሩ የተንኳኳ ዕለት ያው ጋቢ፣ ያው ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ወንድሜን በልቤ ተሰናበትኩትና ከፈትኩ።

ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ አጥሩ አመለከቱኝ። ቃሬዛውን አየሁት። ቦርሳዬን አንሥቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

ጤና ጣቢያው እንደደረስን ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጮኸችም። የወንድሜ ወሬ እስከ ዛሬ የለም፤ በር ሲንኳኳ ዛሬም ላብ ያጠምቀኛል። ያን ቀን ግን ልጅቷን ጠቅልዬ ለእናቷ ስሰጣት የደበቅኩት ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

«ያን ጊዜ ሰቆጣ አልሄድኩም» አልኳት። «ቤት ነበርኩ።»

ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች።

«አውቃለሁ» አለች። «መብራትሽ ሲጠፋ ከቃሬዛው ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ትኖሪያለሽ ወይ ያልኩሽ ለዚያ ነው።»